ከግድግዳው ወዲህ

ደጀን ነው ነገሩ፤ ከዳገቱ አፋፍ፣
ከዓባይ በረሃ የወጣ መኪና ውሃው ፈልቶ ሲያርፍ፣
ወንድሜ በጋራዡ ጓሮ አውሮፕላን ይሠራል።
«ይበራል?» ይላሉ ሾፌሮች።
እሱ ላሜራውን ይቀጠቅጣል።

እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄ ከመናኸሪያው ጥግ፤
ጣቴ የለመደ ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ ፊሎ ሲፈልግ።
ከሰባት ወር ወዲህ አልተነጋገርንም፤
ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ አላስታረቀንም።
ከእናታችን ቤት «ድርሻዬ ነው» ብሎ ሁለቱን ክፍል ሸጦ፣
የቮልስ ሞተር መጣ፣ እንደ ሙሽራ በጆንያ አጊጦ።

«አንለይ» ብላ ስም ያወጣችለት እሷው ነበረች፤
ለማን እንዳለችው ግን ሳትናገር ሞተች።

ትናንት «እጇን ታውሰኝ» ብሎ ላከ፤ እኔን አላለም፣ እጄን።
ሄድኩ፤ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ፣ ቆልፌ ደጄን።

በጀርባዬ ተኛሁ፣ የአብራሪው እግር በሚዘረጋበት፤
ካፍንጫዬ ስንዝር ሳይርቅ የላሜራው ግድግዳ አለበት።
ከወዲያ ሞተር፣ ነዳጅ፣ ካንዴላ፤ ከወዲህ የሰው ጉልበት፤
እሳት ቢነሣ፣ መሬት እስኪነካ ጥቂት ደቂቃ እንዲገዛበት።
ግን ድፍን ግድግዳ ይዞ ማንም አልበረረም፤
ቃል የማይደርሰው ሞተር አይታዘዝም።
ስለዚህ ይበሳል፤ በእርሳስ ስምንት ምልክት አለ፣
ትራፓኖው ከወዲያ ጮኸ፤ ብናኙ ደረቴ ላይ ዋለ።

«ሁሉን ባንድ ቀዳዳ ብናሳልፍስ?» አልኩ፤ የሰባት ወር መጀመሪያ ቃሌ።
«ነዳጅና ኮረንቲ አንድ አልጋ አይተኙም» አለኝ ከወዲያ አካሌ።

«ሳቢ።»
«ግፋ።»
«ቆይ፣ ተቆልምሟል።»
«የቱ?»
«ቀዩ።»
«ቀዩ ሁለት ነው።»
«ክር ያሰርኩበት።»

የተበሳ ላሜራ ጫፉ ስለት ነው፣ ዛሬ ባይቆርጥ ነገ፣
የፊሎውን ቆዳ ሲፍቅ ይኖራል፣ ሞተሩ ባንቀጠቀጠ በተናወጠ።
ጎሚኒ አለበስኩት።
«እሳት ሲመጣ» አለ «መጀመሪያ የሚቀልጠው እሱ ነው፤
የብረት ቱቦ ጨምሪለት፣ ዙሪያውን በቀዩ ማስቲሽ ሙዪው።»

ሙልጭ አድርጌ ሳብኩ፤ ልቅ ነገር አልወድም።
«አትወጥሪው!» አለ «ተዪለት ትንሽ ትርፍ፤
ሞተር ሲነሣ ይወዛወዛል፤ የተወጠረ አይተርፍ።»
ስለ ፊሎው ነበር ያለው። ሌላ አልፈለግሁበትም።
ፈለግሁበት እንጂ፤ እጄ ለጊዜው አልሠራም።

ዘጠነኛው ስህተት ነው። ትራፓኖው ሸሽቶ፣
ከምልክቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ገባ፣ ተስቶ።
ብርሃን መጣ፤ የገደሉ ነፋስም ተከተለ።
ዓይኔን አስጠጋሁ፤ እዚያ ማዶ ሌላ ዓይን አለ።
ቅንድቡ ላይ አንዲት ነጭ ክር፤
እናታችንም እዚያው ቦታ ነበራት፣ አንዲት።
መቼ አበቀላት?

«ድፈኚው» አለ «እሳት ትንሽ ትልቅ አይመርጥም።»
ሪቬቱን አነሣሁ። አልመታሁም።
«ሰውየው» አለ በዚያችው ቀዳዳ «የእማዬን በር አረንጓዴ ቀባው።»
«አውቃለሁ። በየቀኑ አልፍበት የለ።»
ከዚያ ማንም ምንም አላለ።
አንድ ተሳቢ ዳገቱን ጨርሶ፣ እፎይ ሲል ተሰማ።

«የቀረ አለ?»
«ማሳው።»
ማሳ መመለሻው ፊሎ ነው፣ የወጣ ኮረንቲ ወደ ባትሪው የሚገባበት፤
አባታችን «ማሳ» ሲል ግን ጤፍ ነበር የሚዘራበት።
«ማሳ አለን እንዴ እኛ?» አልኩ።
ሳቀ። ላሜራው አብሮት ተርገበገበ።

«ሳቢ» አለኝ።
ሳብኩ። መጣ።
እሱ የያዘበት በኩል ገና ሞቅ ይል ነበር።

ዘጠነኛዋን ዛሬ አልደፈንኳትም።
ነገ።